የእትዬ መጽሐፍ ማውጫ እንዴት እንደተቃና

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚይዝህ ወገብህስ? ተሻለው ወይስ ዛሬም ከወንበር ስትነሣ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ያንን የምታማርረውን ሥራዋን ለቀቀች ወይስ እያማረረች ቀጠለች? ልጆቹስ? አማትህስ ጉልበታቸውን እንዴት አደረጋቸው? እኔ ከጉንፋን በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እርሱም ሰሞኑን ለቅቆኛል። እትዬም ደኅና ናቸው። ዐይናቸውን ካልቆጠርን ሌላው ነገራቸው ሁሉ ከእኔ ይሻላል። ደረጃውን ሳይደገፉ ይወርዳሉ፣ በደንብ ይበላሉ፣ በደንብ ይቆጣሉ።

ሁለት ወር ሙሉ ስላልጻፍኩልህ ተቀይመህ እንደሆነ እውነትህን ነው። ስትደውልም ስልኩን ለእትዬ አቀብዬ «ምድጃ ላይ የጣድኩት አለ» እያልኩ የሸሸሁህ እኔ ነኝ። ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም። አፍሬህ ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ሁሉ በመልካም ስላለቀ፣ አንጀቴም ቅቤ ስለጠጣ፣ ከሥሩ ጀምሬ ልንገርህ። በስልክ ያልነገርኩህ አንተ መሃል ላይ ስለምትስቅ ነው። ደብዳቤ እያነበብክ ብትስቅ አልሰማህም።

የእትዬን መጽሐፍ ታውቃለህ። አርባ ሦስት ዓመት ሲያዋልዱ ያዩትን በዐሥራ አንድ ደብተር ጽፈው አስቀምጠው ነበር። ዐይናቸው እየደከመ ሲሄድ እኔ ደብተሩን እያነበብኩላቸው፣ እርሳቸው «ይህስ እንዲህ አይደለም» እያሉ እያረሙኝ፣ አንተ በላክኸው ኮምፒውተር ሦስት ዓመት ስንጽፈው ኖርን። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ገጽ ሆነ። ዐሥራ ዘጠኝ ምዕራፍ፣ በየምዕራፉም ሥር በድምሩ ሰማንያ ሰባት ንዑስ ርእስ አለው። የአዋላጆች ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ ሊያሳትመው ፈቃደኛ ነበር፤ ነገር ግን መጻሕፍትን የሚመረምረው ጉባኤ የሚቀመጠው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። የዐይን ሐኪሙ ደግሞ እኔን ለብቻዬ ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ የእትዬ ዐይን ከዓመት በኋላ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አያልፍም ብሎኛል። አሁን ትልልቁን ፊደል በመስኮት ብርሃን ያያሉ። እንግዲህ መጽሐፉ ዘንድሮ ካላለፈ፣ በኋላ ቢታተምም እትዬ ሽፋኑን በእጃቸው ይዳስሱት ይሆናል እንጂ አያዩትም። ይህን አልነገርኳቸውም። እርሳቸውም ያውቁታል መሰለኝ፤ እርሳቸውም አልነገሩኝም።

የዛሬ አራት ወር ግድም በስልክ «እህትዓለም፣ ማውጫውን በእጅሽ አትጻፊው፤ ርእሶቹን ለማሽኑ ካሳወቅሽው ራሱ ያወጣልሻል» ያልከኝን ታስታውሳለህ? እኔም «አንተ ገና ሱሪህን መታጠቅ ሳትችል እኔ በደቂቃ ስልሳ ቃል እጽፍ ነበር» ብዬ ስልኩን ጆሮህ ላይ ዘጋሁት። አባባሌ ልክ አልነበረም። ስልሳ ቃል መጻፌ ግን ልክ ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ አለ።

እኔ የተማርኩትን የጽሕፈት መኪና ትምህርት ታውቀዋለህ። አስተማሪያችን እጃችንን በጨርቅ ትሸፍነው ነበር፤ ፊደሉን ያየች በጣቷ ላይ ማስመሪያ ትቀምሳለች። ማውጫ መጻፍ ራሱን የቻለ ፈተና ነበረው። ርእሱ በግራ፣ የገጹ ቁጥር በቀኝ፣ መሃሉ በነጥብ ይሞላል፤ ነጥቦቹም ከላይ እስከ ታች እንደ ሰልፈኛ ካልተያዩ ወረቀቱ ተቀድዶ እንደገና ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት የቢሮ ሥራዬ አንድም ማውጫ ተመልሶብኝ አያውቅም። ስለዚህ የእትዬንም ማውጫ በዚያው መንገድ ጻፍኩት። እያንዳንዷን ነጥብ በጣቴ ነው የመታኋት። ገጾቹን አትሜ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ እያንዳንዱ ርእስ የት ገጽ ላይ እንደወደቀ በእርሳስ መዝግቤ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስገባሁ። ሁለት ቀን ፈጀ፤ ሲያልቅ ግን ዐይን ይማርክ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ «ምዕራፍ ሦስት ላይ የረሳሁት አለ» አሉ። ግማሽ ገጽ ነበረች። ግማሽ ገጽ ምዕራፍ ሦስት ላይ ስትገባ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ወደ ታች ይንሸራተታል። አንዱ ርእስ በነበረበት ይቀራል፣ ሌላው ገጽ ይዘላል። ሁለት ቀን ሙሉ እንደገና ቆጠርኩ። ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ሌላ አንቀጽ አስታወሱ። እንደገና ቆጠርኩ። ከዚያ ደግሞ አንዱን አንቀጽ አስወጡ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሉሃል ይህ ነው። አንድ ቀን «እትዬ፣ ምናለ አሁንስ ማስታወስዎን ቢተዉ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ዝም አሉኝ። ሁለት ቀን ምንም አላስታወሱም። ያ ዝምታቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በአራተኛው ቆጠራ ላይ ምዕራፍ ዐሥራ አንድ ስደርስ የእትዬ የዐይን ጠብታ ሰዓት ሆነ። ተነሣሁ፣ ጠብታውን አደረግሁላቸው፣ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የእርሳስ ዝርዝር ነበር፤ አንዱ አዲሱ፣ አንዱ የቀድሞው። እኔ የቀድሞውን አንሥቼ ከምዕራፍ ዐሥራ ሁለት ቀጠልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አሮጌ ወረቀት በዚያው ቀን ቅደዱ እያልኩ ስንቱን ሳስጨንቅ የኖርኩ ሴት፣ አሮጌውን ወረቀት ሳልቀድድ ቀረሁ።

እንዲህ ሆኖ ለትምህርት ቤቱ ወሰድኩት። ዲሬክተሯ ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ። መቅድሙን አላነበቡም፣ የእትዬንም የሕይወት ታሪክ አላነበቡም። በቀጥታ ማውጫውን ገልጠው በጣታቸው ወረድ ወረድ አሉና «ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ፣ ገጽ 131» ብለው ገጽ 131ን ገለጡ። ገጽ 131 ላይ ያለው የሕፃን ገላ አስተጣጠብ ነው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ሕፃኑ እዚህ ገላውን ይታጠባል፤ እናቱስ የት አለች?» አሉኝ። «ገጽ 133 ላይ» አልኩ። «ደም የሚፈስሳት ሴት ሁለት ገጽ እስኪገለጥ አትጠብቅም» አሉኝ። ሌላ ሦስት ቦታ ሞከሩ፤ ሦስቱም ተሳስተዋል። ከዚያ ጽሑፉን በሁለት እጃቸው አንሥተው መለሱልኝ። ጉባኤው በዐሥረኛው ቀን እንደሚቀመጥ፣ ከዚያ በፊት ተስተካክሎ ከመጣ እንደሚያዩት፣ ካልመጣ ግን ለከርሞ ሳይሆን ለከርሞ ወዲያ እንደሆነ ነገሩኝ። ክፉ ቃል አልተናገሩም። ክፉ ቃል ቢናገሩኝ በተሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምቆጣው ሰው አገኝ ነበር።

ወደ ቤት መሄድ አልቻልኩም። እትዬ በሩ ላይ ጆሯቸውን አቁመው እንደሚጠብቁኝ አውቃለሁ። ወረቀቱን አቅፌ ዝም ብዬ ስሄድ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ደረስኩ። ስለ ባለቤቷ ስነግርህ ኖሬአለሁ፤ ቢሮ ሳለሁ ከሥሬ ትሠራ የነበረችው፣ «ችኩሊት» ብዬ ስም ያወጣሁላት ናት። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር። አንዲት ገጽ ዘጠኝ ጊዜ አስጽፌያት ዘጠነኛውን ከፊቷ ቀድጃለሁ። አሁን ሰውነቷ ገዝፏል፣ ጸጉሯ ሸብቷል፣ የራሷ ሦስት ማሽን አላት። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ሰላም ብዬ ፈጠን እላለሁ።

ያን ዕለት አላሳለፈችኝም። «እሜቴ! ፊትዎ ምነው እንዲህ? ደግሞ ማንን ዘጠኝ ጊዜ አስጽፈው ነው?» አለችኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አገጯን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እያሉ ሲገሥጹኝ ኖረው፣ ለካ ሳይቸኩሉም ይፈስሳል!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ቀጥላም እንደምታግዘኝ፣ ነገር ግን እጇ ማውሱን እንደማይነካ ነገረችኝ። «እርስዎ የኔን ገጽ መቼ ነክተውልኝ ያውቃሉ? ይሠሩታል፤ እኔ ከኋላ ቆሜ እቆጣለሁ» አለች።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ሄድኩ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ለቀቀችልኝ፤ ማሽኑ በሠራ ቁጥር እግሬን ያሞቀኛል። መጀመሪያ ያን ሁሉ ነጥብ አስጠፋችኝ። የማውጫውን ገጾች በሙሉ አጥፊ አለችኝ፤ «አጥፊ» ስትለኝ «እሜቴ» ማለቷን እንኳ ረሳች። ስንት ቀን የለፋሁበት በአንድ ቁልፍ ጠፋ። ቀጥላ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ርእስ አሳየችኝና ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ርእስ ነዋ፣ አልኳት፤ ደምቋል፣ ተልቋል፣ መሃል ላይ ነው፣ ያየው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «ሰውማ ያውቃል» አለችኝ፤ «ማሽኑ ግን ዐይን የለውም። ለእርሱ ይህ ወፈር ያለ ተራ ጽሑፍ ነው። ርእስ ነህ ብለው ካልነገሩት ርእስ አይሆንም።»

ነገሩ የገባኝ በቢሮ ቋንቋ ስተረጉመው ነው። ለአንድ ሰው የአለቃ ኮት ብታለብሰው አለቃ አይሆንም፤ ደብዳቤ ይጻፍለታል፣ ማኅተም ይመታለታል፣ መዝገብ ላይ ይገባል፣ ከዚያ ነው አለቃ የሚሆነው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ለርእሶቼ ኮት ሳለብስ እንጂ ሹመት ስሰጥ አልነበረም። ሹመቱ ደግሞ ከኮምፒውተሩ መስታወት ጫፍ ላይ በተደረደሩት ሣጥኖች ውስጥ ተቀምጧል። ችኩሊት «ሄዲንግ አንድ፣ ሄዲንግ ሁለት» ትላቸዋለች፤ እኔ የምዕራፉን «አንደኛ ርእስ»፣ የሥሩን «ሁለተኛ ርእስ» እላቸዋለሁ። ርእሱን መርጠህ ሣጥኑን ትነካለህ፣ በቃ ተሾመ። መልኩን ካልወደድከው ሣጥኑን አንድ ጊዜ ታስተካክለዋለህ፤ በዚያ ማዕረግ ያሉት ሁሉ አብረው ይለወጣሉ። «ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት» የሚለውንም ቁጥር በእጄ አጥፍቼ ማሽኑ ራሱ እንዲቆጥር አደረግን። ወንድሜ፣ ሰማንያ ሰባቱን ንዑስ ርእስ ስፈልግ አንዳንዱን ያደመቅሁት፣ አንዳንዱን ያሰመርኩበት፣ አንዳንዱን ሁለቱንም ያደረግሁት ሆኖ ተገኘ። ሥርዓት አዋቂ ነኝ ስል ኖሬ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት ሥርዓት ኖሮኛል። ችኩሊት ባየችው ቁጥር በጥርሷ «ጭ» ታደርጋለች። እርሷን ሳስተምር እኔ የማሰማው ድምፅ ነው።

በአራተኛው ቀን ሁሉም ተሾመ። ባዶው ገጽ ላይ ቆሜ «ማውጫ አስገባ» የሚለውን ነካሁ። ከመቅጽበት ሁለት ገጽ ተኩል ማውጫ፣ ነጥቡ እንደ ሰልፈኛ፣ ቁጥሩ በቀኝ ተደርድሮ ወጣ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ከዚያ ጠጋ ብዬ ሳነብ ደሜ ፈላ። አንድ ረጅም ርእስ ለሁለት ተቆርጦ ሁለት ቦታ ገብቷል፤ ለካ እኔ መስመሩ እንዲያምር ብዬ መሃሉ ላይ አዲስ መስመር ጀምሬበት ነበር። አራት ቦታ ደግሞ ርእስ የሌለው የገጽ ቁጥር ብቻ ብቅ ብሏል፤ ባዶ መስመር ሾሜአለሁ ማለት ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ምዕራፍ ሦስት ሥር ነው። በሁለት አጫጭር ርእሶች መሃል አንድ ሙሉ አንቀጽ እንዳለ ማውጫው ውስጥ ተዘርግቷል። ርእስ ስመርጥ ሳይታወቀኝ ከሥሩ ያለውን አንቀጽ አብሬ መርጬዋለሁ።

ችኩሊት ልታሾፍብኝ ብላ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። «እናትየዋ ፈርታ ብትጮህ አትቆጧት። በስሟ ጥሯት። ልትነኳት ስትሉ ሳትነኳት በፊት ንገሯት። የፈራች ሴት ሰነፍ አይደለችም፤ ብቻዋን ናት። ምጡ እስኪያልፍላት ብቻዋን አትተዉአት።» መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ያቺ እትዬ መጀመሪያ ያስታወሷት፣ ቁጥሬን ሁሉ ያናወጠችብኝ ግማሽ ገጽ ናት። ቤቱ ውስጥ መታወቂያዋን ልታስገለብጥ የቆመች ሆዷ የገፋ ሴት ነበረች። «እባክዎ እንደገና ያንብቡት» አለች። ችኩሊት እንደገና አነበበችላት። ሴትዮዋ «የት ነው ያለው? ስንተኛ ገጽ?» ብላ ጠየቀች። ቁጥሩ ከአንቀጹ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ «34» አልኳት። ሴትዮዋ ቁጥሩን ለራሷ ደገመችው፤ መጽሐፉ የሚሸጥ መስሏት ነው።

ማታ ራት ላይ ይህንን ለእትዬ እየሳቅሁ ነገርኳቸው። እትዬ አልሳቁም። ማንኪያቸውን አስቀምጠው «ታዲያ እርሷ ርእስ የላትም?» አሉኝ። የላትም፣ በምዕራፍ ሦስት ውስጥ ከመሣሪያ ዝግጅት ቀጥላ የገባች አንቀጽ ናት፣ አልኳቸው። «ተማሪዋ መቀሱን ታገኛለች፣ ክሩን ታገኛለች፣ ይህንን ግን ፈልጋ አታገኘውም ማለት ነው» አሉ። ቀጥለውም «ራሷን የቻለች ምዕራፍ አድርጊያት። ከሁሉ በፊት ትቁም። የምጨምርላትም አለኝ» አሉ።

ከሁሉ በፊት! ምዕራፍ አንድ ሁለት ሊሆን፣ ሁለቱ ሦስት ሊሆን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቁጥር በቦታው ላይቀር! የምናስረክበው በሦስተኛው ቀን ነው። ጉሮሮዬ ድረስ የመጣ ቃል ነበር። ግን ያ የሁለት ቀን ዝምታቸው ትዝ አለኝ። «እትዬ፣ ቀኑ እኮ ደርሷል» ብቻ አልኳቸው። «ካላለፈ ገና አለ ማለት ነው፤ ቁጭ በይ» አሉኝ።

በማግስቱ ከጠዋት እስከ ቀትር እርሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ከደብተሩ የለም፤ ከራሳቸው ነው የወጣው። አንዲት ልጅ ምጥ ላይ ሳለች የአንድ ምሰሶ ቋጠሮዎችን አብረው እየቆጠሩ እንዳደሩ ነገሩኝ። አንዲቷን በመቆጣታቸው እስከ ዛሬ እንደሚጸጸቱም ነገሩኝ፤ ይህንንም ጻፊው አሉኝ። አራት ገጽ ሞላ። ርእሱን «ለፈራች እናት» አሉት። እኔም አንደኛ ርእስ አድርጌ ሾምኩት፤ ከምዕራፍ ሦስት አንሥቼም መጀመሪያ ላይ አቆምኩት።

ከቀትር በኋላ ችኩሊት ዘንድ ተመልሼ ማውጫውን ነክቼ «አድስ» የሚለውን ከመጫኔ በፊት ማውሱን ይዤ ቆየሁ። ችኩሊት ከኋላዬ «እሜቴ፣ ቦምብ አይደለም» አለችኝ። ተጫንኩት። ዐይኔን ሳልጨፍን አልቀረሁም። ስገልጠው «ለፈራች እናት» ምዕራፍ አንድ ሆና ቆማለች፤ የድሮው አንድ ሁለት ሆኗል፣ ዐሥራ ዘጠኙ ሃያ ሆኗል፣ ደም መፍሰሱም ገጽ 138 ይላል። ሁለት ቀን የሚፈጅብኝን ለማስነጠስ ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደበትም። አላመንኩትም። ሁሉንም አሳትሜ፣ ማስመሪያና እርሳስ ይዤ፣ እያንዳንዱን ርእስ ከገጹ ጋር አስተያየሁ። ችኩሊት «ማሽኑንም ዘጠኝ ጊዜ ሊያስጽፉት ነው?» እያለች ትስቃለች። አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም። ወንድሜ፣ ስሕተት ፈልጌ በማጣቴ ደስ ሲለኝ በሕይወቴ ይህ የመጀመሪያው ነው። ያን ዕለት ችኩሊትን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ስለ ዘጠነኛዋ ገጽ ማለቴ ነው። «ስምንተኛዋም ደኅና ነበረች እኮ» አለችኝ።

ዲሬክተሯ ዘንድ ስሄድ እትዬም እሄዳለሁ ብለው ነበር፤ እኔ ግን ከተመለሰ ፊታቸው ላይ እንዳይመለስ ብዬ አስቀረኋቸው። ዲሬክተሯ ጽሑፉን ተቀበሉኝና በኮሪደሩ ያልፉ የነበሩ ሦስት ተማሪዎችን ጠርተው አስገቡ። ጽሑፉን ለአንደኛዋ ሰጥተው በድንገት «ደም መፍሰስ!» አሉ። ልጅቷ ማውጫውን ገለጠች፣ ጣቷ ወረደ፣ ገጾቹ ተገለበጡ፤ ዲሬክተሯ ሰዓታቸውን ተመልክተው ሳይጨርሱ «ይኸው!» አለች። ሁለተኛዋን «እትብት የቀደመ እንደሆነ» አሏት፤ አገኘች። ሦስተኛዋንም ሞከሩ፤ አገኘች። ከዚያ ዲሬክተሯ ራሳቸው ተቀብለው ማውጫውን ከላይ ሲያዩ ጣታቸው መጀመሪያዋ ላይ ቆመ። ገጹን ገለጡ። ቆመው ነበር ያነበቡት፤ አራቱንም ገጽ። ተማሪዎቹ እግራቸውን እየቀያየሩ ይጠብቃሉ።

«ይህ ባለፈው አልነበረም» አሉኝ።

ነበር አልኳቸው፤ ርእስ አልነበረውም እንጂ።

ጉባኤው ትናንት ተቀመጠ። ዛሬ ጠዋት ዲሬክተሯ ራሳቸው ደውለው ማለፉን ነገሩኝ። ከሁለት ወር በኋላ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ርእሶቹም ተለቅ ባለ ፊደል ይሁኑ ብዬ ለምኜ እሺ ብለውኛል። ለምን እንደለመንኩ አልጠየቁኝም። እፎይ! ወንድሜ፣ ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ።

ለእትዬ ስነግራቸው «ደግ» ብቻ አሉ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ወንበራቸውን አስጠግተው «ማውጫውን አንብቢልኝ» አሉኝ። መጽሐፉን ሦስት ዓመት በቁራጭ በቁራጭ ሲናገሩት፣ እኔም በቁራጭ በቁራጭ ሳነብላቸው ኖረናል እንጂ፣ ከራሱ እስከ እግሩ በአንድ ትንፋሽ ሰምተውት አያውቁም። ከ«ለፈራች እናት» ጀምሬ ሃያውን ምዕራፍ፣ ከየሥራቸው ያሉትን ንዑስ ርእሶች፣ የገጽ ቁጥራቸውን ሳይቀር አነበብኩላቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ያዳምጣሉ። ስጨርስ ፊታቸውን ከብርሃኑ አላዞሩም። አንዳች ነገር ጎድሎ የተናደዱ መስሎኝ ደንግጬ ምነው እትዬ ብላቸው፣ «ይህን ሁሉ አውቅ ኖሯል እንዴ?» አሉኝ።

«እንደገና አንብቢልኝ» ብቻ አሉ፤ እንደገና አነበብኩላቸው።

እንግዲህ ያኔ ስልኩን ስለዘጋሁብህ ይቅር በለኝ። አንተ ትክክል ነበርክ፤ ይህን ግን ለባለቤትህ ጮክ ብለህ አታንብብላት። ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ሥራውን አማርራም ቢሆን እንዳትተወው፣ ማማረሩም ለጤና ነው በላት። ትልቋን ልጅህን የመመረቂያ ጽሑፏን ርእሶች ከወዲሁ ትሹማቸው፣ አክስትሽ በደረሰባት ተማሪ በላት። መንታዎቹን ጆሯቸውን ቆንጥጥልኝ፣ ከዚያ ሳማቸው። ለአማትህ ለጉልበታቸው ሙቅ ውሃ ማድረጉን እንዳያቋርጡ እትዬ ብለዋል፤ እትዬ ካሉ ደግሞ ይደረጋል። እትዬ አንተን ራስህን «ወገብህን ወንበር ላይ አትጉበጥበት» ብለውሃል፤ በእጃቸው ከተቀበሉት ሕፃን ሁሉ ቁጭ ማለት አንተ ብቻ እንዳልተማርክ ይናገራሉ። ችኩሊትም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች። ደኅና ሁንልኝ፤ መጽሐፉ ሲወጣ የመጀመሪያው የእትዬ፣ ሁለተኛው ያንተ ነው።

ታላቅ እህትህ

ከቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ሐሙስ፣ ግንቦት 21 ቀን